አገርዎ ወዴት ነው?

እንጅባራ መናኸሪያ የሚወርድ እንግዳን ሁለት ነገሮች ይቀበሉታል፤ ብርዱና ጥያቄው። ብርዱ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ወጉ ነው፤ ማንንም አይደንቅም። ጥያቄው ግን የገዛ ምርታችን ነው። እንግዳው አንድ እግሩ ገና መኪናው ውስጥ ሳለ ተሸካሚው «አገርዎ ወዴት ነው?» ይለዋል። ሻይ የምትቀዳው ልጅ ስንት ስኳር እንደሚፈልግ ሳትጠይቅ ከወዴት እንደመጣ ትጠይቀዋለች። ባለ ባጃጁም ወዴት እንደሚሄድ ከማወቁ በፊት ከወዴት እንደተነሣ ማወቅ አለበት። ሰውዬው አልጋ ይዞ በሩን የሚዘጋው ብርዱን ሸሽቶ ይሁን እኛን እስከ ዛሬ አልተጣራም።

እኔም እጠይቃለሁ። ሳልጠይቀው ያለፈኝ እንግዳ ካለ ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር ማለት ነው።

ክፋት የለብንም፤ የምንጠይቀው ዝምድና ፍለጋ ነው። ሰውዬው «ከሐዋሳ» ካለ፣ «ውይ ሐዋሳ! የጎረቤታችን ልጅ እኮ እዚያ ባንክ ቤት ነው የሚሠራ፤ ቀይ፣ ረዘም ያለ፣ አታውቀውም?» እንላለን። የሐዋሳ ሕዝብ በሙሉ ጧት ጧት ከአንድ ምንጭ ውሃ የሚቀዳ ይመስለናል። ብልጥ እንግዳ «አላውቀውም» ብሎ ይገላገላል። አንድ የመድኃኒት ሻጭ ግን ላለማስከፋት ብሎ «አዎ፣ አውቀዋለሁ መሰለኝ» አለና፣ በማግስቱ ሊሳፈር ሲል አንድ ማዳበሪያ ድንች «ለልጃችን አድርስልን» ተብሎ ተጫነለት።

እኔ ራሴ ዳንግላ ተወልጄ እንጅባራ የተዳርኩ ነኝ። መካከሉ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ አዲስ ቅዳም ላይ መኪናው ገበያተኛ ሲያወርድና ሲጭን ካልቆየ በቀር ለእንቅልፍ እንኳ አይበቃም። በአማቴ ቤት ግን ይኸው እስከ ዛሬ የሩቅ አገር ሰው ነኝ። ወጥ ሲቀጥን «የዳንግላ ወጥ»፣ ቡና ሲዘገይ «የዳንግላ ቡና» ይባላል። እኔም አፌን አልዘጋም። እናንተ ዛሬ የአዊ ዞን መቀመጫ ብትሆኑ፣ ትናንት የአገውምድር አውራጃ ዋና ከተማ ዳንግላ ነበረች እላለሁ። ሲብስብኝ እንግሊዞቹን እጠራለሁ። ከጣሊያን ወረራ በፊት እንግሊዝ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስሏን ያስቀመጠችው ዳንግላ ላይ ነበር፤ ቆንስሉ ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ዞሮ ያጠናው የእኛን ከተማ ቤቱ አድርጎ ነው፤ በኋላም በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞበታል። ቆንስላ የነበራት ከተማ ልጅ ነኝ እኮ! አማቴ ይህን ሁሉ በጽሞና አዳመጡና፣ «ታዲያ እንግሊዙ ምነው ጥሎ ሄደ?» አሉኝ። «ወጡን ቀምሶ ይሆን?»

የሚገርመው ይህ ሁሉ ፉክክር መኪና ላይ ሲወጣ ይሟሟል። ባሕር ዳር ስንደርስ እኔም አማቴም አዊ ነን። ደጀንን አልፈን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ጎሃ ጽዮን ስንወጣ ደግሞ ጎጃሜ እንሆናለን፤ ከዚያ ወዲያ እንጅባራ ይሁን ዳንግላ የሚለይልን የለም። አማቴን ለዓይናቸው አዲስ አበባ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ሴት ስልክ ስታወራ ሰሙና ጆሯቸው ቆመ። «እመቤቴን፣ አገርሽ ወዴት ነው?» «ዳንግላ።» አማቴ ተነሥተው አቀፏት፤ «የአገሬን ልጅ!» እያሉ ጉንጯን አገላብጠው ሳሙ፤ ዕንባቸውም መጣ። ለስንቅ የያዝነውን ዳቦ ገምሰው ሰጧት። እኔ ያቺው የዳንግላ ልጅ እዚያው አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ቁራሽ እንኳ «እንኪ» ያለኝ የለም።

ሲርቁ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። የባለቤቴ የአጎት ልጅ የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከዋሽንግተን አጠገብ፣ የእኛ ሰው ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «አበሻ ነህ?» ነው አለን። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አንዱን እንዲሁ ጠይቆ ተቃቀፉ። እዚያ ላይ ቢቆሙ ምን ነበረበት? አልቆሙም። ከየት? ከጎጃም። እንደገና ተቃቀፉ። ከጎጃም ከወዴት? ከአዊ። ኧረ በሞትኩት! ከአዊስ? ከባንጃ። ቀበሌውን ጠሩ፣ ደብሩን ጠሩ፣ የአያት ስም ተለዋወጡ። ለካ ሁለቱ አያቶች በአንድ የማሳ ወሰን ዕድሜ ልካቸውን ሲካሰሱ የኖሩ ናቸው። አሁን በዚያ ሱቅ ሲገናኙ ሰላም የሚባባሉት በእንግሊዝኛ ነው።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። ሌላው ልማዳችን የሰው አነጋገር ማሽሟጠጥ ነው። አፉን በአማርኛ የፈታው፣ በአገው ቋንቋ በአውንጊ የፈታውን «አነጋገሩ ያስታውቃል» ብሎ ይስቅበታል። ይሳቅ፤ ግን የሚስቀው በአገው ሰዋስው እንደሆነ ይወቀው። ግዕዝ ግሱን ማስቀደም ይወድ ነበር። አማርኛ ግን ጎትቶ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው፤ ይህንንም የለመደው ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር ለረጅም ዘመን ተጎራብቶ ነው ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት። ይኸው ከዚያ ወዲህ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ እስከ መጨረሻው መታገሥ ግዴታው ሆነ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ጉዱን አስቡት። «ሄሎ! ልጅሽ ትናንት ማታ ከቻግኒ ሲመለስ፣ እዚያ ድልድዩ ላይ፣ በሞተር ሳይክሉ...» ይልና ስልኩ ይቋረጣል። ወደቀ? አለፈ? አገባ? እስኪደወል ያለውን ጭንቀት አገውም አማራም እኩል ነው የምንካፈለው።

አውንጊን ዛሬ ልጆች በፊደል ይጽፉታል፣ በትምህርት ቤትም ይማሩበታል። ለእኛ ሰፈር ሴቶች ግን ዋና ጥቅሙ ሰውን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ማማት ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከደሴ ሚስት አመጣ። ምራቲቱ ቡና ስታፈላ አማትና የአማት እህት አጠገቧ ተቀምጠው በአውንጊ ያወርዱባታል፤ ዘይት ታበዛለች፣ እንጀራዋ ዓይን የለውም፣ እንቅልፍ ትወዳለች። እሷ ፈገግ እንዳለች ትቀዳለች። የወሎ ልጅ ፈገግታ እንዲያው ተፈጥሮዋ መስሏቸው! አንድ ቀን ሁለተኛውን ስኒ ስታቀብል በጠራ አውንጊ «ዘይቱን ቀንሻለሁ፤ ጨውስ እንዴት ነው?» አለቻቸው። አሁን ሁለቱ ሴቶች የሚያሙት በቅንድብ ብቻ ነው። እሱንም እየለመደችው ነው ይባላል።

መቼም ይህ መደባለቅ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በየገጠሩ በትኗል። በ1977ና በ1978 ደግሞ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሺህ ሰው መጥቶ ጎረቤታችን ፓዌ ላይ ሰፍሯል። በዚህኛው አልቀልድም፤ ሳይወድ በግዱ የተጫነ ብዙ ነው፣ የሞተበትም ብዙ ነው።

በእኔ ዘመን የመጣው ዩኒቨርሲቲው ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ተማሪ መቀበል ሲጀምር የመናኸሪያው ጠያቂ ሁሉ ሠርግ ሆነለት። ከጅማ፣ ከጅግጅጋ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከአዲግራት፤ ዝምድና የማናገኝበት አገር የለም! ችግሩ ልጆቹ የሚያውቁት ወረቀታቸው ላይ የተጻፈውን «እንጅባራ»ን ሲሆን፣ ረዳቶቻችን ደግሞ በድሮው ስም «ኮሶበር ወራጅ!» ይላሉ። አንዱ ልጅ እንጅባራ እስክትጠራ በትዕግሥት ጠብቆ ዳንግላ ደረሰ። የዳንግላ ሰዎች ተቀብለው ምሳ አበሉት፤ ስለ ቆንስላውም ሳይነግሩት አልሸኙትም።

የእኛን ሰርቪስ ክፍል የተከራየው ከወላይታ የመጣ ወጣት መምህር ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ብርዱን መቋቋም አቅቶት በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ሲሄድ ከሩቅ የሚመጣው መምህሩ ይሁን የደብር አለቃ አይለይም ነበር። አንድ ቅዳሜ አማቴ ለድፎ ዳቦ ከጓሮ የኮባ ቅጠል ሲቆርጡ አያቸውና ቀረብ አለ።

«እማማ፣ ሌላውንስ ምን ያደርጉታል?»

«የቱን ሌላ?»

«ግንዱን። ሥሩን።»

«ምን እናደርገዋለን ልጄ? ቆሞ ይኖራል።»

መምህሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «እማማ! ምግቡን ትታችሁ በፌስታሉ ነው እኮ የምትጠቀሙት!»

ለእኛ ዳቦ መጠቅለያ የሆነው ኮባ ለእሱ አገር እንሰት ነው፤ ስንት ሚሊዮን ሕዝብ የሚያኖር። በማግስቱ አንዱን ይዞ ገባበት። በአገሩ ፋቂዋም አብላዪዋም ሴት ናትና እሱ በዓይኑ ከማየት በቀር እጁ አያውቀውም፤ ስልኩን ግንድ ላይ አስደግፎ እናቱን እየጠየቀ ነው የሚፍቅ፤ የእናቱ ሳቅ እኔ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። የተፋቀውን በቅጠል ጠቅልሎ ጓሯችን ውስጥ ቀበረው። ሽታው ሲመጣ ሰፈሩ ተጠራ። «መምህሩ ምን ቀብሮ ነው?» «ለምን ማታ ማታ እየሄደ ያየዋል?» አማቴ ጠበል ሊያስረጩ ምንም አልቀራቸውም።

ሲደርስ ግን ቆጮውን ጋገረው፤ በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረበልን። አማቴ አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ ሁለተኛ ጎረሱ፤ ሦስተኛውን ለመጉረስ ማንንም አልጠበቁም። ባለፈው ከባሕር ዳር እንግዳ መጥቶባቸው ቆጮ አቅርበው «ምንድን ነው?» ሲባሉ ሰማኋቸው፤ ምንም ዓይናቸውን ሳያሹ፣ «ይኸ የአዊ የባህል ምግብ ነው፤ እናንተ ባሕር ዳሮች ምኑን ታውቁታላችሁ» አሉ።

ኅዳር 29 ደግሞ የልጆቹ ተራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 የጸደቀበት ቀን ነው፤ ከ1999 ጀምሮ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ተብሎ ይከበራል። በዚያን ቀን የአገሩ ልብስ ሁሉ ይወጣል፤ የቀሩትን ቀናት ግን ሁላችንም ሰልባጅ ለባሾች ነን። ትምህርት ቤት ውስጥ ዕጣ ተጣለና የጉራጌው ባለሱቅ ልጅ አገው ፈረሰኛ ሆነ፤ የእኔዋ ልጅ ደግሞ ሐመር ወጣላት። የሐመር ልብስ ለሐመር አየር የተሰፋ ነው፤ የእንጅባራ የኅዳር ጧት ግን ውርጭ ነው። እናት ነኝና ከውስጥ ሹራብ አለበስኳት፤ ታይትና ካልሲ ጨመርኩ፤ ለጥንቃቄ ከላይ ጋቢ ጣል አደረግኩባት። ዛጎሉና ጨሌው ከሁሉም በላይ ሆኑ። የክብር እንግዳው ሰልፉን ሲጎበኙ ከእሷ ፊት ቆም አሉ፤ ግራ ገብቷቸው «ይቺኛዋስ?» አሉ። የጉራጌው ልጅ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ቀድሞ መለሰ፦ «የእንጅባራ ሐመር ናት።»

ባለፉት ዓመታት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ መናኸሪያው ጭር የሚልባቸው ሰሞናት በዝተዋል። እንግዳ ሲጠፋ ጥያቄው አብሮ የሚጠፋ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ እርስ በርሳችን ይዞራል። ከላይ ሰፈር ነህ ከታች ሰፈር? ከወንዙ ወዲህ ነሽ ከወዲያ? ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ወደ ውጭ ወጥቶ አምሽቶ ሲመለስ በሩን ሳልከፍት «ከወዴት ነው?» አልኩት፤ እሱ ግን ይህን የአገር ጉዳይ አድርጎ አልወሰደውም።

ጥር 23 ሲደርስ ሌሎች ሰዎች ነን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 የተመሠረተ ነው፤ በዓሉ ከጊዮርጊስና ከዓድዋ ጋር ተሳስሮ በየዓመቱ እንጅባራ ላይ ይከበራል። ፈረስ በወጉ ተሸልሞ ሜዳው ላይ ሲጋልብ ላዩ ላይ ሆኖ የማያምር ወንድ የለም፤ ባለቤቴ እንኳ ያምራል። በዚያን ቀን ዓድዋ ያልዘመተ አያት ያለው ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። የእኔ አያት ፈረሰኛ፣ የጎረቤቴ አያት ፈረሰኛ፣ የፀጉር አስተካካዩ አያት ደግሞ ሁለት ፈረስ ይዘው። የሁላችንንም አያት ብትደምሩ ጣሊያን ገና በአቧራው በሸሸ ነበር። ስንቅ የተሸከመው፣ አጃ ያበላው፣ ቤት ቀርቶ ማሳ ያረሰው የማን አያት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መምህሩንም ይዘነው ወጣን። አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀመጡትና የሰባቱን ቤት አመጣጥ ተረኩለት፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ቋቁራ፣ ጫራ፣ መተከል፤ ሰባቱ ወንድማማቾች ከላስታ ተነሥተው እዚህ እንደሰፈሩ። መምህሩ በአክብሮት ሲያዳምጥ ቆየና፣ «እንግዲያው እርስዎም እንደ እኔ ከሌላ ቦታ ነው የመጡት?» አላቸው። ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉ። «አዎ» አሉ ቆይተው፣ «እኛ ግን ኪራይ አልከፈልንም።»

ከዚያ ወሬው ወደ ዓድዋ ሄደ፤ የጎጃም ጦር ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር እንዴት እንደዘመተ። መምህሩ ዝም አለ። ዝምታው ለአማቴ አልተመቻቸውም።

«ምነው መምህር፣ የእናንተ ሰው አልዘመተም?»

«እኛማ እማማ፣ በ1887 ምኒልክ ወላይታን ወግተው ንጉሣችንን ጦናን ማርከውብን ነበር። ዓድዋ የመጣው በዓመቱ ነው።»

እኔ ምን እንደምል ጠፋኝ። አማቴ ግን ፊደል ባይቆጥሩም ከእኔ ይልቅ ታሪክ ያውቃሉ። «አይዞህ ልጄ፤ የእኛስ ንጉሥ መቼ ተረፉ? በ1874 እምባቦ ላይ ከእኚሁ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማርከው የለ! ዓድዋ አብረው የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።» ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲህ ያልተማረክን የለንም ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህሩን የሚጠሩት «የኔ ምርኮኛ» ብለው ነው። ጠላ ሲቀዳም የመጀመሪያው ዋንጫ የምርኮኛው ነው፤ እኔ የዳንግላዋ ከስንት ዋንጫ በኋላ እንደምደርስ አልነግራችሁም።

የዓባይ ግድብ ላይ ግን ሁላችንም ባለቤቶች ነን። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስኪመረቅ ድረስ የደሴዋ ምራት ቦንድ ገዝታለች፤ መምህሩ ከደመወዙ ተቆርጦበታል፤ የጉራጌው ባለሱቅ በሱቁ በር ላይ ፎቶውን ለጥፏል። እኛ ደግሞ ወደ ጉባ የሚሄደው የጭነት መኪና በእንጅባራ ታጥፎ ወደ ቻግኒ ሲወርድ አቧራውን ስለ ጠጣን ያለ እኛ የተሠራ አይመስለንም። ይህን ሁሉ ክርክር ጎረቤቴ፣ የደሴዋ ልጅ አማት፣ በአንድ ቃል ነው የምትዘጋው። «እናንተ ገንዘብ ነው ያዋጣችሁ። እኔ ውሃውን ነው ያዋጣሁ!»

ነገሩ ሐሰት የለበትም። የእንጅባራ ዝናብ የትም ዞሮ የትም ዓባይ ነው የሚገባ። እሷ ግን ከጣሪያዋ የሚወርደውን ለይታ ታውቀዋለች። ባሏ ሮቶ ገዝቶ የጣሪያውን ውሃ ላጠራቅም ቢላት፣ «የአገር ውሃ አታስቀር!» ብላ ከለከለችው። ቀበሌ መዋጮ ሊሰበስብ ሲመጣ ጣቷን ወደ ቆርቆሮው ቀስራ «የእኔ በየክረምቱ ይገባል» ብላ ሸኘችው። ባለፈው እሑድ ማታ ሁላችንም ቤቷ ቡና ላይ ነበርን፤ አማቴ፣ ምርኮኛው፣ የደሴዋ ምራት፣ እኔ። ጎረቤቴ ይህንኑ የውሃ ነገር ለመምህሩ እያስረዳች፣ አምስት ሺህ ሜጋ ዋት እያለች፣ እጇን ወደ አምፖሉ ስታነሣ መብራት ድርግም አለ።

በጨለማው ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። ቆይቶ የእሷ ድምፅ መጣ፤ ወደ ባሏ ነው። «በል እንግዲያውስ፣ ነገ በጧት ሂድና ሮቶውን ግዛ!»